80 ደቂቃ ጭብጨባ፦ ዶሚንጎ በቪየና

የመድረክ_ፍቅር

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ከኳሱም ከፖለቲካውም ትንሽ ዞር እንበልና ስለ ኦፔራ እናውራ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳትቀየሙኝ።

ዘመኑ 1991፣ ቦታው ቪየና። የመንግሥት ኦፔራ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስፔናዊው ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) ፕላሲዶ ዶሚንጎ የጣልያናዊውን አቀናባሪ የቨርዲን ኦፔራ፣ ኦቴሎን፣ ተጫውቶ ጨረሰ። መጋረጃ ወረደ፣ ጭብጨባ ተጀመረ። ጭብጨባው ግን አላባራም። 80 ደቂቃ ቆየ። 101 ጊዜ እየተወጣ እጅ ተነሳ። ጊነስ የዓለም ረጅሙ ጭብጨባ ብሎ መዝግቦታል።

ሰው ይህን ሲሰማ “ምን ቢዘፍን ነው?” ይላል። እኔ የሚመስለኝ ግን ያ ጭብጨባ የአንድ ምሽት አይደለም። ዶሚንጎ ያንን መድረክ መጀመሪያ የረገጠው በ1967፣ ዶን ካርሎ በሚባለው ኦፔራ ነው። 26 ዓመቱ ነበር። ማድሪድ ተወልዶ ሜክሲኮ ያደገ ልጅ ነው። ወላጆቹ ዛርዙዌላ የሚባለውን የስፔን ሙዚቃዊ ቲያትር ይዘው የሚዞሩ ዘፋኞች ነበሩ። ለቪየና ባዕድ ነው። ከ1967 እስከ 1991 ቁጠሩ፣ 24 ዓመት ነው። መጀመሪያ በጎረምሳነታቸው የሰሙት ሰዎች ያን ምሽት ፀጉራቸው ሸብቶ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ።

ደግሞ ኦቴሎ ነው። ቴነሮች የሚፈሩት ሚና ነው። ማዕበሉ እየናጠ፣ ኦርኬስትራውና ኅብረ ዘማሪው እየጮኸ፣ ኦቴሎ ከመርከብ ይወርድና በሁሉም ላይ ድሉን ያውጃል። ድምፁን የሚያሟሙቅበት ጊዜ የለውም። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብትሆን ነው። እዚያ የተሰበረ ግን እስከ መጨረሻው ልቡ አይመለስም። ዶሚንጎ በ1975 ሐምቡርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዘፍነው ሲነሳ 34 ዓመቱ ነበር። “ድምፅህን በገዛ እጅህ ልትቀብረው ነው” ያሉት ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከ200 ጊዜ በላይ ዘፈነው።

እስኪ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቁጥር_ወዳድ

ኧረ በናታችሁ! 80 ደቂቃ? እጅ አይቆስልም?

እስኪ እናስላው። 80 ደቂቃ 4,800 ሰከንድ ነው። ለ101 ሲካፈል በየ48 ሰከንዱ አንዴ ተወጥቷል ማለት ነው። አሁን ደግሞ በርሊንን እዩ። በ1988 ጣልያናዊው ቴነር ፓቫሮቲ ዶይቸ ኦፐር የሚባለው ኦፔራ ቤት የዶኒዜቲን የመስተፋቅር ኦፔራ ዘፍኖ 165 ጊዜ ተጠራ ይባላል። ጭብጨባው 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ይሄ በየ24 ሰከንዱ ነው። ያን የሚያህል ሰውነት ይዞ! ወይ ሰውዬው ከመጋረጃው ጀርባ ንቅንቅ አላለም፣ ወይ ቆጣሪው ቸር ነበር።

ቆጠራው መስፈሪያ የለውም። ብቻውን ሲወጣ አንድ፣ ከሶፕራኖዋ (ከፍ ያለ ድምፅ ካላት ሴት ዘፋኝ) ጋር ሲወጣ ሌላ አንድ፣ ከኦርኬስትራ መሪው ጋር ሲወጣ ሌላ። ኦቴሎ ራሱ ሙዚቃው 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከግማሹ በላይ የሚሆን ጊዜ ቆሞ ማጨብጨብ? አልክድም፣ ግን እጠራጠራለሁ።

ሩብ_ጉዳይ

የካፖርት ማስረከቢያው ሰልፍ ረዝሞባቸው ነው። እስኪቀል እያጨበጨቡ ጠበቁ።

ዶናው_ዳር

😂 ሩብ_ጉዳይ ገደልከኝ።

ቪየና ነው የምኖረው። 1991 ላይ እዚህ አልነበርኩም። ቤቱን ግን አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ።

ያንን ጭብጨባ ያለ ቋሚዎቹ ማሰብ አይቻልም። የቪየና ኦፔራ ከወንበሩ ሌላ የመቆሚያ ቦታ አለው። ቀደም ሲል ከ500 ሰው በላይ ይይዝ ነበር። እኔ መሄድ በጀመርኩ ጊዜ ምድር ቤቱ 4 ዩሮ ነበር። ልብ በሉ፣ ቦታው ጥግ አይደለም። አዳራሹ መሐል፣ ድሮ ንጉሠ ነገሥቱ ይቀመጡበት ከነበረው ሎጅ ሥር ነው። ድምፁ እዚያ ነው የሚያምረው። ከጎንህ ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ከፍሏል፣ አንተ የማኪያቶ ዋጋ።

ሥርዓቱ ደስ ይላል። እኔ በጀመርኩ ጊዜ ከሰዓታት በፊት ተሰልፈህ ነበር ትኬት የምትቆርጠው። በሩ ሲከፈት በጥድፊያ ትገባለህ። ከፊትህ ብረት መደገፊያ አለ። ሻርፕህን አውልቀህ እሱ ላይ ታስራለህ። በቃ፣ ቦታው ያንተ ነው። ወጥተህ ቡና ጠጥተህ ብትመለስ ማንም አይነካውም። ሻርፕ ያልያዘ ቱሪስት ጃኬቱን ሲያስር አይቻለሁ፣ አንዱ ደግሞ የጫማ ክሩን ፈቶ አስሯል። አንዴ አንድ ሰውዬ የሌላ ሰው ሻርፕ ገፋ አድርጎ ሊቆም ሞከረ። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ጀርባውን በጣታቸው ነካ አድርገው ወደ ኋላ አመለከቱት። ቃል አልወጣቸውም። ሰውዬው ሄደ።

እንዲህ ያሉት ሰዎች አንዱን ኦፔራ በተለያየ ዘፋኝ ደጋግመው የሰሙ ናቸው። ማን የትኛው ኖታ ላይ ትንፋሽ እንደሰረቀ ያውቃሉ። ካልወደዱ “ቡ” ይላሉ፣ ያውም ሳያፍሩ። ከወደዱ ደግሞ ወደ መድረኩ ዳር ተጠግተው ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፣ ወንበር ያላቸው ሰዎች ካፖርታቸውን ለብሰው ሲወጡ እነሱ ይቀራሉ። የረጅም ጭብጨባ ምስጢሩ ይሄ ነው። 80 ደቂቃ ሙሉ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ያጨበጭባል ማለት አይደለም። የማይሄዱት አይሄዱም፣ ዘፋኙም እነሱ እስካሉ ይወጣል።

ቁጥር_ወዳድ

@ዶናው_ዳር ይሄ እንኳ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ግን ተከፍሏቸው ቢሆንስ? ኦፔራ ቤት የሚከፈላቸው አጨብጫቢዎች ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።

ዶናው_ዳር

ነበሩ እንጂ። ክላክ ይባላሉ። ፓሪስም ሚላኖም ቪየናም ነበሩ። ዘፋኙ ይከፍላል፣ እነሱ በተስማሙበት ቦታ ያጨበጭባሉ። ጉስታቭ ማህለር ከ1897 እስከ 1907 ቤቱን ሲመራ ሊያጠፋቸው ብዙ ታግሏል። አርፍዶ የመጣውንም አላስገባም ያለ ሰው ነው። እኛ ሀበሾች በማህለር ዘመን ኦፔራ የሚባል አናይም ነበር።

ግን የተከፈለ ሰው አሪያው (የብቻ ዘፈኑ) ሲያልቅ ያጨበጭባል፣ መጨረሻ ላይ ይደግማል፣ ከዚያ እራቱን ሊበላ ይሄዳል። ለ80 ደቂቃ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ዘፋኝ የለም።

የሰንጋተራው

ልጆቼ፣ ወሬያችሁ ጥሩ ነው። እኔም አንድ ነገር ልጨምር።

ኦቴሎን ያወቅሁት በኦፔራ አይደለም። ታሪኩ የሼክስፒር ተውኔት ነው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ቃሉን በአማርኛ ነው የምሰማው። ኦፔራውን ቆይቶ ልጄ በላከችልኝ ዲስክ አየሁት፣ ይኸው ዶሚንጎ የተጫወተውን። መጀመሪያ ብቅ ሲል ያ ድል የሚያውጅበት ቦታ ለእኔ ፉከራ ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ጀግና ጠላት ሰመጠ፣ ድሉ የእኛ ነው ብሎ ሲያቅራራ። ሙዚቃውን ባላውቅም እሱ ቦታ ፀጉሬ ቆመ።

ግን ልቤ ያልወሰደው ነገር አለ። ሰውዬው ፊቱን ቀለም ተቀብቷል። ኦቴሎ ጥቁር ነው። የቬኒስ ጦር አዛዥ፣ ቆጵሮስን የሚገዛ ጥቁር ሰው። ሁሉ የሚያከብረው ለጦርነት ሲፈልገው፣ በሚስቱ ጊዜ ግን ቆዳውን የሚያስታውስበት። ቪየና አንድ ሰዓት ከሃያ ያጨበጨበችው ለጥቁሩ ነው ወይስ ቀለም ለተቀባው? ቁጣ አይደለም፣ ጥያቄ ነው።

የመድረክ_ፍቅር

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ክሩ ከፍ ይላል። ፉከራ ያሉት ቦታ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔም ፉከራ ነው።

በቀለሙ ጉዳይ ልክ ነዎት። ዶሚንጎም፣ ከእሱ በፊት የነበሩትም ይቀቡ ነበር። ከ1887 ጀምሮ፣ ቨርዲ በ73 ዓመቱ ሚላኖ ላ ስካላ ላይ ካቀረበው ጊዜ አንስቶ ልማዱ ያ ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን በ2015 አዲስ ዝግጅት ሲያመጣ ቀለሙን ተወ። 2015! ብዙ ሰው ያኔ ገና ተገረመ። በ2022 ደግሞ አሜሪካዊው ጥቁር ቴነር ራስል ቶማስ ለንደን ሮያል ኦፔራ ሐውስ ላይ ኦቴሎን ዘፈነ። በዚያ ቤት ሚናውን የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው።

ለጥያቄዎ ግን መልስ የለኝም። ምናልባት ያጨበጨቡት ለድምፁ ነው፣ ስለ ጥቁሩ ሰው ያሰበ ጥቂት ነው። ይሄ ራሱ መልስ ከሆነ።

ሩብ_ጉዳይ

ጋሼ ዲስኩን ለልጆችዎ አዋሱን እንጂ።

ድምፅ_ማጉያ

ሙያዬ ድምፅ ነው። ሠርግም ኮንሰርትም እሠራለሁ። የኦፔራው ነገር የሚያስቀናኝ በአንድ ምክንያት ነው፦ ማይክ የለም። ቪየና አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሺህ የሚደርስ ሰው አለ፣ ከፊት ጉድጓዱ ውስጥ ሙሉ ኦርኬስትራ አለ። ዘፋኙ ግን በባዶ ጉሮሮ ነው።

ብዙ ሰው “ስለሚጮኹ ነው” ይላል። ጩኸት ቢሆን ኦርኬስትራው ይውጠዋል። ነገሩ የድምፅ ድግግሞሽ ነው። የኦርኬስትራው ጉልበት በብዛት የሚከማቸው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የሠለጠነ ወንድ ዘፋኝ ጉሮሮውን ከማንቁርቱ በላይ በተወሰነ መንገድ ሲቀርጸው 3,000 ኸርዝ አካባቢ የጉልበት ጉብታ ይፈጠራል። እዚያ ኦርኬስትራው ደካማ ነው፣ የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያ ሹል ነው። ስለዚህ ድምፁ ባዶ ቦታ አግኝቶ ያልፋል። እኔ በሚክሰር የማደርገውን እነሱ በሥጋ ያደርጉታል።

ሰዉ ያን ያህል የሚያጨበጭበው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ድምፁ በሽቦ አልመጣም። ከሰውዬው ደረት ወጥቶ በቀጥታ አንተ ጋ ደርሷል። ቀረጻ ይህን አያሳይም፣ በስልክ ሰምታችሁ “ምኑ ነው?” ብትሉ አልፈርድባችሁም።

ሐይፋ_ወደብ

ከእስራኤል ሰላም። ዶሚንጎ እዚህ የኛ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ ምክንያትም አላቸው።

ከ1962 መጨረሻ እስከ 1965 ቴል አቪቭ ነበር የሚሠራው። በሀገሪቱ ኦፔራ። ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ፣ ከሚስቱ ከማርታ ጋር። እሷም ሶፕራኖ ነበረች። እዚያ 280 ጊዜ ዘፈነ፣ በ12 ሚና። ዛሬ አንድ ወጣት ቴነር ይህን ያህል ልምድ በዚያ ዕድሜ የት ያገኛል?

ቤቱ ደግሞ የስደተኛ ቤት ነበር። ራሱ ዶሚንጎ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ የትራቪያታ ኦፔራ ምሽት አለ። ባሪቶኑ (ከቴነር ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ) በሀንጋሪኛ፣ ሶፕራኖዋ በጀርመንኛ፣ እሱ በጣልያንኛ፣ ኅብረ ዘማሪው በዕብራይስጥ። ሁሉም የየራሱን እየዘፈነ አብረው ይጨርሳሉ። እኛ አውቶቡስ ላይ እንደዚያ ነን፣ አማርኛ፣ ራሽያኛ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ሁሉም የየራሱን ይጮኻል። 😄

ትንፋሹን ያስተካከለውም እዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከፍ ያለ ቦታ ሲደርስ ይሰነጠቅበት ነበር። ሚስቱና አብሯቸው የመጣ የሜክሲኮ ባሪቶን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከሆዱ እንዲተነፍስ ያሠሩት ነበር። ቪየና ያጨበጨበችለት ድምፅ ቴል አቪቭ ላይ ነው የተሠራው ብል አላጋነንኩም።

የመድረክ_ፍቅር

@ሐይፋ_ወደብ ይሄማ ወርቅ ነው። ሲጀምር ባሪቶን እንደነበር የምታውቁ አላችሁ? ቴነርነቱን የገነባው ደረጃ በደረጃ ነው። በስተርጅና ደግሞ ወደ ባሪቶን ሚናዎች ተመልሷል።

ሳሮን_ቢ

ሁላችሁም ስታወድሱት አንድ ነገር ዘላችኋል። በ2019 በርካታ ሴቶች ጾታዊ ትንኮሳ አድርሶብናል ብለው ለአሶሼትድ ፕሬስ ተናግረዋል። እሱ ክሱን አልተቀበለም። ግን ከሜትሮፖሊታን ወጣ፣ ይመራው ከነበረው የሎስ አንጀለስ ኦፔራም ለቀቀ።

የመድረክ_ፍቅር፣ አንተ የ24 ዓመት ፍቅር ነው አልክ። እሺ፣ ይሁን። ዜናው ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ሳልዝቡርግ ላይ መድረክ ሲወጣ ሕዝቡ ቆሞ ነው ያጨበጨበለት። እንደ ቪየናው እዚያው ኦስትሪያ። ያ ጭብጨባ ለሙዚቃ ነው? ወይስ ለተናገሩት ሴቶች የተላከ መልስ ነው? እኔ ሴት ዘፋኝ ብሆን፣ ያን ሰምቼ አፌን እዘጋ ነበር።

ቁጥር_ወዳድ

@ሳሮን_ቢ የ1991ን ምሽት በ2019 መመዘን ይከብዳል። ያኔ ያጨበጨበው ሰው ምን ያውቃል?

ሳሮን_ቢ

ስለ 1991 አልወቀስኩም። ስለ እኛ ነው የማወራው። እኛ እናውቃለን፣ እናውቃለንና ስናወራ እንናገረው። ሌላ ምንም አላልኩም።

የመድረክ_ፍቅር

ሳሮን ልክ ነሽ፣ መነሳት ነበረበት። እኔ ቀረጻዎቹን አልጣልኩም። የኦቴሎን መጨረሻ ዛሬም እሰማለሁ። ግን ሳልዝቡርግ ላይ ብሆን ኖሮ አልነሳም ነበር። አዳራሽ ገብተህ ትሰማለህ እንበል፣ ገና አፉን ሳይከፍት መነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ስለ ሙዚቃ አይደለም።

ለንደን_ደቡብ

ርዕሱን ትንሽ ልቀይር፣ ምክንያቱም የ1991 ነገር ያስገርመኛል። በዚያው ዓመት፣ ጁላይ 30፣ ፓቫሮቲ ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ ዘፈነ። በነጻ። 100,000 ገደማ ሰው ነበር። በእኛ ሐምሌ 23 ቀን 1983 ነው፣ ደርግ ከወደቀ ሁለት ወር አልፎታል። እኛ ቤት ያን ክረምት ማን ኦፔራ ያስታውሳል።

ዝናቡ ወረደ፣ የለየለት የሐምሌ ዝናብ። ሰዉ ጃንጥላ ዘረጋ። ከኋላ ያለው ደግሞ ምንም አይታየውም። ጃንጥላ እጠፉ ተባለ። ቀድመው ካጠፉት መካከል ከፊት የተቀመጡት ልዑል ቻርልስና ልዕልት ዳያና ነበሩ። ዳያና ልብሷ በስብሶ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ እየሳቀች ትታያለች። ፓቫሮቲ ከፑቺኒ ማኖን ሌስኮ የመጣውን “እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም” የሚለውን አሪያ፣ ባሏን አስፈቅዶ፣ ለእሷ አበረከተው። ቪዲዮውን ፈልጉት።

ለእኔ ይሄ ከቪየናው ይበልጣል። እዚያ አዋቂዎች ናቸው ያጨበጨቡት። እዚህ ኦፔራ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው በዝናብ የቆመው።

ድምፅ_ማጉያ

@ለንደን_ደቡብ ግን ያ በማይክ ነው ወንድሜ። ሜዳ ላይ ሌላ ምን ይደረጋል። የድምፁን ሰዎች ያመስግን።

ዶናው_ዳር

እኔም አልስማማም። ሃይድ ፓርክ የመጣው ሰው ፓቫሮቲን ሊያይ መጣ፣ ከዓመት በፊት የሮሙ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ ኮንሰርት ዝነኛ አድርጎታል። ዶሚንጎም ሌላው ቴነር ካሬራስም ያኔ አብረውት ነበሩ። በቪየና ግን ዝና አያድንህም። ዝነኛ ሰው ሲጮኽበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማሸነፍ ካልክ ሊጥልህ የሚችል ዳኛ ፊት ነው ማሸነፍ።

የሰንጋተራው

ዶናው ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን አንድ ነገር ጠይቄ ልተኛ። ሰውዬው ራሱን ወግቶ ሚስቱ አጠገብ ሲወድቅ “አንድ ተጨማሪ ሳም” እያለ ቃሉ መሐል ላይ ይቋረጣል። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሁለቴ መለስኩት። እንዲያ ነው የተጻፈው?

ዶናው_ዳር

አባቴ፣ እንዲያ ነው የተጻፈው። ቃሉን ሳይጨርስ ነው የሚሞተው። ከሥር ኦርኬስትራው የሚጫወተው ዜማ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ሲሳሳሙ የነበረው ነው። ጎበዝ ዘፋኝ ያንን ግማሽ ቃል እንደ ዜማ አይዘፍነውም፣ ትንፋሽ ያለቀበት ሰው ሆኖ ይተወዋል። ዶሚንጎ እሱን ያውቅበታል። መድረኩ ላይ እየተሳበ ወደ እሷ ሲሄድ ተዋናይ ነው፣ ቴነር መሆኑን ትረሳለህ። ስለ ከፍተኛ ኖታ ካወራን ከእሱ የሚበልጡ ነበሩ። በዚህ ግን ማንም አይደርስበትም፣ ቪየናዎቹም ያደነቁት ይህን ይመስለኛል።

ጀማሪ_ነኝ

ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ኦፔራ አይቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? በ1986 የተሠራ የኦቴሎ ፊልም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

የመድረክ_ፍቅር

እንኳን ደህና መጣህ። ፊልሙ የዜፊሬሊ ነው፣ ዶሚንጎ ነው የሚጫወተው፣ ሥዕሉ ያምራል። ግን የኦቴሎ ሚስት ዴስዴሞና ከመሞቷ በፊት የምትዘፍነውን የአኻያ ዛፉን ዘፈን ቆርጠው አውጥተውታል። እኔ ይህን ይቅር አልላቸውም። የመድረክ ቀረጻ ይሻልሃል። በ1992 ለንደን ኮቨንት ጋርደን የተቀረጸው አለ፣ ዶሚንጎ ከኪሪ ቴ ካናዋ ጋር፣ መሪው ሶልቲ ነው። ከአራተኛው ክፍል ጀምር፣ አጭር ነው። ከወደድከው ወደ መጀመሪያው ተመለስ።

ጀማሪ_ነኝ

የግርጌ ጽሑፉ በአማርኛ አለ?

የመድረክ_ፍቅር

የለውም፣ በእንግሊዝኛ ነው። የጸጋዬን ትርጉም ካገኘህ አጠገብህ አስቀምጠው። ኦፔራው ብዙ ቦታ ያሳጥራል፣ ቬኒስ ያለውን መጀመሪያ ጨርሶ ዘሎታል፣ ስለዚህ ገጹን ስታገላብጥ ግራ እንዳይገባህ። ከቆጵሮስ ጀምር።